የእንስሳት ቀለምና የሚያያቸው ዓይን

ስለ እንስሳት ቀለም ለመናገር በእኛ አገር ከነብር የተሻለ መነሻ የለም። ነቢዩ ኤርምያስ «ነብር ዥንጉርጉርነቱን ሊለውጥ ይችላልን?» ብሎ ያነሣውን ጥያቄ በዚህ አዳራሽ የማያውቅ ሰው ያለ አይመስለኝም፤ ከነብሩ ጎን ማንን እንደጠቀሰም ታውቃላችሁ። የጥያቄው መልስ «አይችልም» ነው። በዚህ ላይ የሥነ ሕይወት ባለሙያ ከነቢዩ ጋር የሚጣላበት ምክንያት የለውም። ነብር ዥንጉርጉር ሆኖ ይወለዳል፣ ዥንጉርጉር ሆኖ ይሞታል። ቆቅ ሣር ለመምሰል አስባ ላባዋን አታቀልምም፤ ፌንጣም ቅጠል አይቶ አይለመልምም። ታዲያ አንዱም በፈቃዱ የማይለወጥ ከሆነ የቆቅ ላባ ከደረቅ ሣር ጋር፣ የፌንጣ ክንፍ ከለምለም ቅጠል ጋር እንዲህ ልክክ ያለው እንዴት ነው?

መልሱን አስቀድሜ ልንገራችሁና የቀረውን ጊዜ ማስረጃው ላይ እንቆይ። እንስሳው አይለወጥም፤ የሚለወጠው ቆጠራው ነው። ከአንድ ዝርያ መካከል ጥቂቶቹ ጠቆር፣ ጥቂቶቹ ነጣ ብለው ይወለዳሉ። ልዩነቱ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፍ ከሆነ፣ ከሁለቱም አንደኛው ዘር ሳይተካ ቶሎ ቶሎ የሚበላ ከሆነ፣ በሚቀጥለው ትውልድ የተራፊው ልጆች ይበዛሉ። ዳርዊን በ1859 ባሳተመው መጽሐፍ ተፈጥሯዊ ምርጫ ያለው ይኸንኑ ነው። ዛሬ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን በዚያው ያዙልኝ። ስለ ዓለም አፈጣጠር ልከራከር አልመጣሁም፤ የማወራው በወጥመድ ስለተያዘ፣ ስለተቆጠረና ስለተመዘገበ ነገር ነው።

መራጩ ግን ማን ነው? ለእይታ በተሠራ ቀለም ላይ መራጩ ዓይን ነው፤ የአዳኝ ዓይን፣ የታዳኝ ዓይን፣ የተቃራኒ ጾታ ዓይን፣ የዝንብ ዓይን ሳይቀር። ስለዚህ አንድ ቀለም ስናይ «ምን ይጠቅመዋል?» ከማለታችን በፊት «የሚያየው ማን ነው?» ብለን ብንጠይቅ ከብዙ ስሕተት እንድናለን። እኔ ዛሬ ይዤ የመጣሁት ሐሳብ ይኸው ብቻ ነው።

በዚህ ጉዳይ ከሁሉ ይበልጥ የተቆጠረችው፣ ክርክርም የበዛባት አንዲት የእንግሊዝ አገር የእሳት እራት ናት። ነጭ ክንፏ ጥቁር አዝሙድ የተነሰነሰበት ይመስላል። ሌሊት ትበራለች፤ ቀን ቀን ክንፏን ዘርግታ ዛፍ ላይ ተለጥፋ ትውላለች። ማታ ከመብራት ብትተርፍ ጠዋት የወፍ ቁርስ የምትሆነው ያን ጊዜ ነው። በገጠር የዛፉ ግንድና ቅርንጫፍ ሊከን በሚባል፣ ሽበት በሚመስል ነጣ ያለ ነገር ስለሚሸፈን ነጯን እራት እዚያ ላይ መለየት ለሰውም ዓይን ያስቸግራል።

በ1848 በማንቸስተር አካባቢ አንዲት ድፍን ጥቁር ተያዘች። ማንቸስተር በዚያ ዘመን የጥጥ ፋብሪካ ከተማ ነበረች፤ የድንጋይ ከሰሉ ጭስ ሊከኑን ገድሎ የዛፉን ግንድ አጥቁሮታል። በ1895 እዚያው አካባቢ ከተያዙት ከመቶው 98 ያህሉ ጥቁር ነበሩ። ይህች እራት የምትራባው በዓመት አንድ ጊዜ ነው፤ ስለዚህ ያ ሁሉ ለውጥ የመጣው በ47 ትውልድ ውስጥ ነው። ተት የሚባል የነፍሳት አጥኚ በ1896 ምክንያቱን ገመተ፦ በጠቆረ ግንድ ላይ ነጯ ስለምትታይ ወፍ ይለቅማታል፣ ጥቁሯ ትተርፋለች። የሒሳብ ሰው የነበረው ሆልዴን ደግሞ በ1924 ወረቀትና እርሳስ ይዞ ሲያሰላ፣ ጥቁሮቹ እንዲህ በፍጥነት ለመብዛት ከነጮቹ በአንድ ተኩል እጥፍ የሚሆን ዘር ማትረፍ እንደነበረባቸው አገኘ። የዘመኑ ሊቃውንት ተፈጥሯዊ ምርጫ እጅግ ዝግተኛ ነው ብለው ያምኑ ስለነበር ቁጥሩ አስደንጋጭ ነበር።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይደናቀፋል። «ጥላሸቱ አጠቆራቸው» ይላል። ጥላሸት የማንንም ክንፍ አላጠቆረም። በ2016 የታተመ ጥናት እንዳሳየው ጥቁረቱ የመጣው ኮርቴክስ በተባለ ዘረመል ውስጥ ከሌላ ቦታ ዘሎ የገባ 22 ሺህ ያህል ፊደል የሚረዝም የዲኤንኤ ቁራጭ በመሰንቀሩ ነው። ተመራማሪዎቹ በስሌት ሲገምቱት ቁራጩ የገባው 1819 ገደማ ነው፤ የመጀመሪያዋ ጥቁር ከመያዟ 30 ዓመት ያህል ቀደም ብሎ መሆኑ ነው። በአጋጣሚ የመጣ የጽሕፈት ስሕተት ነበር። ጭስ በሌለበት አገር ቢሆን ኖሮ ባለ ስሕተቷን ወፍ በልቷት ነገሩ ያበቃ ነበር። የፋብሪካው ጭስ ያደረገው ነገር ቢኖር፣ ወፏ ማንን ቀድማ እንደምታይ መለወጥ ነው።

ይህን በሜዳ ለመፈተን የተነሣው በርናርድ ኬትልዌል ነበር፤ ሐኪም የነበረ ሰው ነው፣ ሙያውን ትቶ ወደ ነፍሳት ዞረ። በ1953 በርሚንግሃም አጠገብ ባለ ጭስ ያጠቆረው ጫካ፣ በ1955 ደግሞ ዶርሴት በሚባል ንጹሕ አየር ባለበት ገጠር ሁለቱንም ዓይነት እራቶች ለቀቀ። ከመልቀቁ በፊት በእያንዳንዷ ክንፍ ሥር፣ ወፍ በማያይበት በኩል፣ ነጥብ የምታህል ቀለም አስነካ። ከዚያ ማታ ማታ በመብራት ወጥመድ እየያዘ ምልክት ያላቸውን ቆጠረ። በርሚንግሃም ከለቀቃቸው ጥቁሮች 27 በመቶውን መልሶ ሲይዝ ከነጮቹ ያገኘው 13 በመቶ ብቻ ነበር። ዶርሴት ላይ ተገለበጠ፤ ከነጮቹ 12 በመቶ ተመለሱ፣ ከጥቁሮቹ 6 በመቶ። ወፎቹ እራቶቹን ሲለቅሙ ኒኮ ቲንበርገን በፊልም ቀረጻቸው፤ ፊልሙ ባይኖር ኖሮ «ወፍ እንዲህ ሲያደርግ አላየንም» የሚሉት የዘመኑ ሰዎች ባላመኑ ነበር።

ሥራው እንከን አልነበረውም ማለት አይደለም። እራቶቹን በቀን ብርሃን ግንድ ላይ ማስቀመጡ ትክክል አልነበረም፤ በተፈጥሯቸው ማረፊያቸውን የሚመርጡት ጎሕ ሳይቀድ ነው፣ አብዛኞቹም ከግንዱ ይልቅ ወደ ቅርንጫፉ ያደላሉ። በአንድ ቦታ የለቀቀው ብዛትም ወፎችን ድግስ የጠራ ያህል ነበር። በ1990ዎቹ መጨረሻ ትችቱ ከሳይንስ መጽሔት ወጥቶ ወደ ጋዜጣ ገባ፤ የዝግመተ ለውጥ ተቃዋሚዎችም «ማጭበርበር ነው» ብለው ተቀበሉት። ትችት እንዲህ ከፍ ሲል ሁለት መንገድ አለ፤ አንዱ መሟገት፣ ሌላው እንደገና መሥራት። የካምብሪጁ ማይክል ማጀረስ ሁለተኛውን መረጠ። ከ2001 ጀምሮ ሰባት ዓመት ሙሉ 4,864 እራቶች በገዛ ግቢው ለቀቀ፤ በቦታው በተፈጥሮ ባለው መጠን እየመጠነ፣ በሌሊት፣ ማረፊያቸውን ራሳቸው እንዲመርጡ እየተወ። ማለዳ የት እንዳረፉ መዝግቦ፣ በማጉያ መነጽር ወፎቹ አንድ በአንድ ሲለቅሟቸው ተመለከተ። አየሩ በዚያን ጊዜ ጸድቷል፤ የጥቁሮቹ የዕለት የመትረፍ ዕድል ከነጮቹ በ9 በመቶ ገደማ አንሶ ተገኘ። ዘጠኝ በመቶ ትንሽ ይመስላል፤ በየቀኑ ሲደጋገም ግን አንድን መልክ ከአገር ያጠፋል። ማጀረስ ራሱ ውጤቱን በመጽሔት ሳያሳትም በ2009 ዐረፈ፤ አራት ባልደረቦቹ በ2012 አሳተሙለት።

መጥፋቱንም በዓይኑ ያየ ሰው አለ። የሊቨርፑል ሐኪም ሰር ሲረል ክላርክ ከ1959 ጀምሮ በመኖሪያ ቤቱ የመብራት ወጥመድ አኑሮ ለአሥርት ዓመታት እራት ይቆጥር ነበር። ሲጀምር ከሚይዛቸው ከ90 በመቶ በላይ ጥቁር ነበሩ። እንግሊዝ በ1956 የአየር ንጽሕና ሕግ አውጥታ ጭሱ እየቀነሰ ሲሄድ ጥቁሮቹም አብረው ቀነሱ፤ በ1990ዎቹ አጋማሽ ከ20 በመቶ በታች ወርደው ነበር። አንድ ሕግ በፓርላማ ወጣ፣ በአንድ ሐኪም ግቢ ወጥመድ ውስጥ የእራት ቀለም ተለወጠ። ከዚህ ይበልጥ ደስ የሚል የመንግሥት ሥራ ሪፖርት አላውቅም።

ይህን ሐኪም አሁን አንልቀቀው፤ ወደ አገራችን የሚያመጣን እሱ ነው። ከዚያ በፊት ግን ዳርዊንን ያስጨነቀ አንድ ነገር ልናገር። መደበቅስ ይሁን፤ አንዳንድ አባጨጓሬ ቀይና ቢጫ ለብሶ ቅጠል ላይ እንደ ሙሽራ የሚዘረጋው ምን ነክቶት ነው? ለሴት እንዳይባል አባጨጓሬ ገና ልጅ ነው፣ ጋብቻ አያውቅም። ዳርዊን በ1867 ጓደኛውን ሄንሪ ቤትስን ቢጠይቅ «ዋላስን ጠይቅ» አለው። የተፈጥሮ አጥኚው ዋላስ መልሱን አላጣም፦ የአባጨጓሬ ቆዳ ስስ ነው፤ ወፍ አንዴ ከነከሰችው ቀምሳ ብትተፋውም እሱ ሞቷል። ስለዚህ ሥጋው መራራ መሆኑ ብቻ አያድነውም፤ መራራነቱ ገና ከሩቅ መታወቅ አለበት። ቀዩ ቀለም ማስጠንቀቂያ ነው። ዌር የሚባል ሰው በጎጆ የሚያረባቸውን ወፎች ደማቅና ደብዛዛ አባጨጓሬ እያቀረበ ፈተናቸው፤ ደብዛዞቹን ሲበሉ ደማቆቹን ዘወር በሉ አሏቸው።

በእኛ ቆላ ጦቢያው የሚባለውን፣ ቅጠሉ ሲቀነጠስ ነጭ ወተት የሚያወጣውን ቁጥቋጦ ታውቁታላችሁ። ከብት አይደፍረውም። በአገራችን በብዛት የሚታየው፣ ክንፉ ብርቱካናማ፣ ጫፉ ጥቁርና ነጭ የሆነው ቢራቢሮ ግን አባጨጓሬውን የሚያሳድገው በእንዲህ ያሉ ባለ ወተት ተክሎች ላይ ነው። በወተቱ ውስጥ ልብን የሚያውክ መርዝ አለ፤ አባጨጓሬው ከቅጠሉ ጋር ይውጠዋል፣ ቢራቢሮ ሲሆንም ይዞት ይወጣል። የዚህ ቢራቢሮ የአሜሪካ ዘመድ ምን እንደሚያደርግ ሊንከን ብራወር የሚባል ተመራማሪ በ1960ዎቹ አሳይቷል፤ ቀምሶት የማያውቅ ሰማያዊ ወፍ ቢራቢሮውን ዋጠ፣ ጥቂት ቆይቶ ላባው ቆመ፣ አስታወከ። ከዚያ በኋላ መልኩን ሲያይ ይሸሻል።

እንዲህ ያለ ማስጠንቀቂያ ባለበት ደግሞ አስመሳይ ይነሣል። መርዝ የሌለው ቢራቢሮ የባለ መርዙን ልብስ ለብሶ ይዞራል፤ ቤትስ ይህን የተረዳው በአማዞን 11 ዓመት ቢራቢሮ ሲሰበስብ ኖሮ ነው፣ በ1862 አሳተመው። በአፍሪካ ከአስመሳዮች ሁሉ የሚያስደንቀው ሊቃውንቱ ፓፒሊዮ ዳርዳነስ የሚሉት ትልቅ የደን ቢራቢሮ ነው። ወንዱ የትም ቦታ አንድ ነው፤ ነጣ ያለ ቢጫ፣ ዳሩ ጥቁር፣ ከኋላ ክንፉ ጭራ የሚንጠለጠል። ሴቶቹ ግን በአብዛኛው አፍሪካ ጭራ የላቸውም፤ አንዷ ጥቁርና ነጭ፣ ሌላዋ ብርቱካናማ ሆና የተለያዩ ባለ መርዝ ቢራቢሮዎችን ትመስላለች። ከመለያየታቸው የተነሣ የቀድሞ ሰብሳቢዎች ሴቶቹን ሌላ ሌላ ዝርያ ብለው መዝግበዋቸው ነበር። በ1860ዎቹ የደቡብ አፍሪካው ሮላንድ ትራይመን «እነዚህ ሁሉ የአንድ ወንድ ሚስቶች ናቸው» ሲል የሳቁበት ነበሩ።

የኢትዮጵያው ዘር ለብቻው ነው። በእኛ ደጋ ደኖች አብዛኞቹ ሴቶች አያስመስሉም፤ እንደ ወንዱ ቢጫና ባለ ጭራ ናቸው። ጥቂቶቹ ግን የባለ መርዞቹን መልክ ይይዛሉ፣ ጭራቸውን ሳይጥሉ። ሌላው አፍሪካ የጨረሰውን ልብስ የእኛዎቹ በግማሹ ለብሰውታል ማለት ይቻላል። ለዘር አጥኚ ይህ ወርቅ ነው። ያ የሊቨርፑሉ ሐኪም ክላርክና ባልደረባው ፊሊፕ ሼፐርድ የኢትዮጵያን ቢራቢሮዎች አስመጥተው ከሌሎች አገር ዘሮች ጋር እያዳቀሉ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ውጤቱን አሳተሙ። የክንፉን ቀለም የሚወስነውና ጭራውን የሚወስነው ዘረመል የተለያዩ መሆናቸው የታወቀው ከእንዲህ ያለው ማዳቀል ነው። አሁን የእኛዎቹ ግማሽ ልብስ ይገባናል፤ ምርጫ ያገኘውን እየቆራረጠ ይሰፋል እንጂ አንድ ጊዜ ሙሉ ሱፍ አያስቆርጥም።

ስለ ክላርክ አንድ ነገር ሳልናገር ብሄድ እናቶች ይቀየሙኛል። ደሟ አርኤች ኔጌቲቭ የሆነ እናት ስትወልድ አንቲ-ዲ የሚባል መርፌ እንደምትወጋ ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ፤ የሚቀጥለው ልጇ በእናቱ የደም መከላከያ እንዳይጠቃ ነው። ያን መርፌ በ1960ዎቹ ከኒውዮርክ ተመራማሪዎች ጎን ለጎን ለፍሬ ያበቃው የሊቨርፑል ቡድን መሪ ክላርክ ነው። ወደ ደም ዓይነት ውርስ ያስገባው ደግሞ የቢራቢሮ ክንፍ ውርስ ነበር፤ ሁለቱ ይመሳሰሉበት ስለነበር። «ቢራቢሮ ቆጥሮ ምን ይገኛል?» ለሚል የበጀት ኃላፊ መልሱን ይዛችሁ ሂዱ።

ማስመሰል ወሰን አለው። ውሸት የሚያዋጣው እውነተኞች ሲበዙ ነው፤ አስመሳዮቹ ከባለ መርዞቹ ከበዙ ወፏ ደጋግማ ጣፋጭ ትቀምስና ምልክቱን መፍራት ትተዋለች። ስለዚህ ምርጫው እዚህ ላይ ብርቅ የሆነውን ይደግፋል፤ ሲበዛ መልሶ ይቀጣዋል። የዳርዳነስ ሴቶች በአንድ ልብስ ፈንታ ብዙ ዓይነት ልብስ የያዙት በዚህ ምክንያት መሆኑ ይታመናል።

እስካሁን ያየነው የወፍ ዓይን ነው፤ የወፍ ዓይን ደግሞ ከእኛ ይልቃል እንጂ አያንስም። የእኛን ዓይን መለኪያ አድርገን የተሳሳትንበት ግን ብዙ ነው። ታይገር የሚባለው የእስያ ታላቅ ድመት ደማቅ ብርቱካናማ ነው፤ በለምለም ጫካ ውስጥ እንዴት አይታይም? የሚያድነው አጋዘን ብርቱካናማንና አረንጓዴን አይለይም። ለእሱ ታይገሩም ቅጠሉም አንድ ቀለም ነው። አጥቢ እንስሳ አረንጓዴ ፀጉር ማብቀል አይሆንለትም፤ በአጋዘኑ ዓይን ፊት ደግሞ አላስፈለገም።

የሜዳ አህያ ነገር ይብሳል። ጥቁርና ነጩ ሽንትር በሣር መካከል ይሰውራል፣ አንበሳን ያወናብዳል ሲባል ከመቶ ዓመት በላይ ኖሯል። በ2016 ተመራማሪዎች የአንበሳን የማየት ኃይል ለክተው ሲያሰሉት፣ አንበሳ በጠራራ ፀሐይ እንኳ ከ50 ሜትር በላይ ሽንትሩን መለየት አይችልም፤ ምሽት ላይ 30 ሜትር። ከዚያ ርቀት ለእሱ የሜዳ አህያ ግራጫ አህያ ናት። ከዚያ ቀርቦ ሽንትሩን ሲያይ ደግሞ ጠረኗና ኮቴዋ ቀድመው ነግረውታል። ሠዓሊው አንበሳ አይደለም ማለት ነው። ታዲያ ማነው?

ቲም ኬሮ የሚባል ተመራማሪና ባልደረቦቹ በ2014 የዓለምን የፈረስ፣ የአህያና የሜዳ አህያ ዘሮች ሁሉ በካርታ አስቀምጠው የሽንትሩን ብዛት ከአየሩ፣ ከአዳኙ፣ ከጫካው ጋር አመሳከሩት። ከሁሉ የገጠመው ነካሽ ዝንብ ለረጅም ወራት ከሚንቀሳቀስበት ቦታ ጋር ነበር። በ2019 ደግሞ እንግሊዝ አገር ባለ አንድ የፈረስ በረት ፈረሶችንና የሜዳ አህዮችን ጎን ለጎን አቁመው ዝንብ ቆጠሩ። ዝንቡ ወደ ሁለቱም እኩል ይመጣል። ፈረሱ ዘንድ ሲደርስ ፍጥነቱን ቀንሶ ያርፋል፤ የሜዳ አህያዋ ዘንድ ግን ሳይቀንስ መጥቶ ይላተማል ወይም አልፏት ይሄዳል። ከዚያ ለፈረሶቹ ነጭ፣ ጥቁርና ባለ ሽንትር ልብስ እየቀያየሩ አለበሷቸው። ባለ ሽንትር ልብስ ላይ የሚያርፈው ዝንብ በጣም ቀነሰ፤ ልብስ በሌለበት በራሳቸው ላይ ግን ልዩነት አልታየም። ስለዚህ ጠረን አይደለም፣ የእንስሳው ዓይነትም አይደለም፤ ሽንትሩ ራሱ የዝንቡን ዓይን ማረፊያው ላይ ሲደርስ ያሳስተዋል። በዚያው ዓመት ጃፓኖች ጥቁር ላሞችን በነጭ ቀለም እንደ ሜዳ አህያ ሸንትረው የነካሽ ዝንቡን ብዛት በግማሽ ቀንሰዋል።

ገንዲ ከብቱን የሚፈጅበት አገር ሰው ይህን ሰምቶ ዝም ሊል አይገባም፤ ላም መቀባት ግን ለብቻው መፍትሔ ነው ብዬ አልሸጥላችሁም። ጃፓኖቹ የቆጠሩት የሌላ ዓይነት ዝንብ ነው፤ የእኛን የቆላ ዝንብ እዚሁ መፈተን ያስፈልጋል። እንስሶቹ በእጃችን ናቸው። ሽንትራቸው ከሁሉ የጠበበውና የደቀቀው ግሬቪ የሚባሉት የሜዳ አህዮች በአላይደጌ ሜዳና በጨው ባሕር አካባቢ ይኖራሉ፤ ስማቸውን ያገኙት በ1882 ከኢትዮጵያ አንዷ ለፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ለዡል ግሬቪ ስለተላከች ነው። በአፋር በረሃ ያለው የዱር አህያም እግሩ ላይ ብቻ ሽንትር አለው። ከቤቱ አህያ አጠገብ አቁሞ እግር እግራቸው ላይ የሚያርፈውን ዝንብ የሚቆጥር ተማሪ ቢገኝ ለመመረቂያ ጽሑፍ አያንሰውም።

ስለ ተቃራኒ ጾታ ዓይን በአጭሩ። በትሪኒዳድ ጅረቶች ጋፒ የምትባል ትንሽ ዓሣ አለች፤ ሴቷ ባለ ብዙ ነጥብ ደማቅ ወንድ ትወዳለች፣ አዳኝ ዓሣም ደማቁን ቀድሞ ያያል። ጆን ኤንድለር በ1976 ሁለት መቶ ጋፒ ክፉ አዳኝ ካለበት ወንዝ አውጥቶ ብዙም የማይጎዳ ዓሣ ብቻ ወዳለበት ጅረት አዛወረ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ተመልሶ ሲያይ ወንዶቹ ደምቀው ጠበቁት። የሁለት ዓይኖች ጉተታ ነው፤ አንዱ ሲላላ ሌላው ይስባል። በሰሜን ተራሮች የሚኖረውን የእኛን ጭላዳም ተመልከቱ። ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ሣር ስለሚነጭ መቀመጫው ለማንም አይታይም፤ ምልክቱ ደረቱ ላይ ያለው ፀጉር አልባ ቀይ ቦታ ነው። እዚያው ተራራ ላይ በተደረገና በ2009 በታተመ ጥናት፣ ሴቶችን የያዙ መሪ ወንዶች ደረት ገና ካልያዙትና ከተሻሩት ይልቅ ቀልቶ ተገኝቷል።

እንዲህ ሁሉንም በዓይን መተርጎም ሲጥም ደግሞ ልክ ይታጣል። አቦት ቴየር የሚባል አሜሪካዊ ሠዓሊ የብዙ እንስሳት ጀርባ ጠቆር፣ ሆድ ነጣ ያለው ጥላን ለመሸፈን መሆኑን ያስተዋለ ሰው ነው፤ ትልቅ ግኝት ነበር። በ1909 ግን ከልጁ ጋር ባወጣው መጽሐፍ ቀለም ሁሉ መደበቂያ ነው እስከማለት ደረሰ፤ ፍላሚንጎ ቀይ የሆነው ፀሐይ ስትጠልቅ ከሰማዩ ጋር ለመመሳሰል ነው አለ። ከሥልጣን የወረዱት ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት፣ አዳኝ ነበሩና፣ በጽሑፍ አብጠለጠሉት። እውነት ነው፤ ወደ አብያታ ወይም ወደ ጪቱ ሐይቅ የወረደ ሰው ፍላሚንጎ ከሩቅ የማይታይበትን ሰዓት አያገኝም። ቅላቱ የሚመጣው ከሐይቁ ውስጥ ከሚያጣራው ምግብ ነው፤ ያን ምግብ ሲያጣ ይነጣል። ደማችንስ ቀይ የሆነው ለማን ሊታይ ነው? ኦክስጅን የሚሸከመው ብረት ያለበት ነገር ቀይ ስለሆነ ብቻ ነው። የእስስትም ወሬ ከእውነቱ የተጣመመ ነው። በደቡብ አፍሪካ እስስቶች ላይ በ2008 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ቀለም የመለዋወጥ ችሎታ የበረታባቸው ዝርያዎች ለመደበቅ የሚተጉት አይደሉም፤ ለተቀናቃኝና ለሴት ጎልተው የሚታዩት ናቸው። ወላዋይ ሰውን እስስት የምንል ሰዎች እንስሳዋን በድለናታል፤ እሷ የምትለዋወጠው በግልጽ ለመጣላት ነው።

በመጨረሻ፣ ዓይኑ ሳይለወጥ መሬቱ ሲለወጥ ምን እንደሚሆን እንይ። በሰሜን አሜሪካ የበረዶ ጥንቸል አለች፤ በጋ ቡናማ፣ ክረምት ነጭ ናት። ፀጉሯን እንድትቀይር የሚነግራት የቀኑ ማጠርና መርዘም ነው፤ በረዶው ጣለ አልጣለ አትጠይቅም። አሁን አየሩ ሞቆ በረዶው ዘግይቶ ይጥላል፣ ቀድሞ ይቀልጣል፤ ጥንቸሏ ግን በቀን መቁጠሪያዋ ነጭ ለብሳ ቡናማ መሬት ላይ ትገኛለች። ስኮት ሚልስና ባልደረቦቹ በጥንቸሎቹ አንገት ላይ ሬዲዮ አስረው ሲከታተሏቸው፣ ቀለሟ ከመሬቱ ጋር ያልገጠመ ጥንቸል በሳምንት የመትረፍ ዕድሏ እስከ 7 በመቶ ይቀንሳል። ያኛው በቀን፣ ይህ በሳምንት ቢሆንም፣ ይህ ቁጥር ከማጀረስ ዘጠኝ በመቶ ጋር የሚተዋወቅ ነው።

በፓስፊክ ውቅያኖስ ጠረፍ ግን በረዶ ብዙም በማይቆይበት ክረምቱን በቡናማ የሚያሳልፉ የዚያው ዝርያ ጥንቸሎች አሉ። በ2018 ዘረመላቸው ሲመረመር፣ ቡናማ የሚያደርጋቸው ቅጂ የራሳቸው አልነበረም፤ ድሮ ከሌላ የጥንቸል ዝርያ ጋር ሲዳቀሉ የተቀበሉት ነው። በዚያው ዓመት ሚልስና ጓደኞቹ በዓለም ላይ ፀጉራቸውን በክረምት ከሚያነጡ እንስሳት ስምንቱን ወስደው፣ ነጩና ቡናማው በአንድ ቦታ ተቀላቅለው የሚገኙባቸውን አካባቢዎች በካርታ አወጡ። ምርጫ የሚመርጠው ልዩነት ካለ ብቻ ስለሆነ፣ ቅድሚያ ጥበቃ ሊደረግላቸው የሚገባው እነዚያ ቦታዎች ናቸው ብለው ጻፉ።